ኮስት ሼሪንጉን መጀመሪያ በአግባቡ ሰብስቡ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ጤና ይስጥልኝ። እኔ አንድ የግል ድርጅት ውስጥ ደመወዝ የምሠራ አካውንታንት ነኝ። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከኪሱ ይክፈል አይክፈል የሚለው ክርክር ታክሲ ውስጥም ቡና ላይም አልጠፋ ስላለ፣ እኔም ፔይሮል ላይ ቁጭ ብዬ የማየውን ልጻፍ ብዬ ነው።

አንዳንዱ ሰው ሲከራከር እስከ ዛሬ በነፃ የተማርን ያስመስለዋል። ነፃ አልነበረም እኮ! ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ ግቢ የገባ ተማሪ ኮስት ሼሪንግ፣ ማለትም የወጪ መጋራት ውል ይፈርማል። የምግቡንና የዶርሙን ሙሉ ወጪ፣ ከትምህርቱ ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶውን፣ ሥራ ሲይዝ ከወር ደመወዙ ቢያንስ 10 በመቶ እየተቆረጠ ሊከፍል። ሐሳቡ ክፉ አይደለም። ስታገኝ ትከፍላለህ፤ እስክታገኝ ማንም አያንቅህም።

ችግሩ አሰባሰቡ ላይ ነው። አዲስ ሠራተኛ ሲቀጠር የኮስት ሼሪንግ ወረቀቱን ይዞልኝ የሚመጣው ዋናውን ዲግሪ ማውጣት የፈለገ፣ ወይም ውጭ ለመማር ያሰበ ነው። ዝም ያለውን ማንም አይጠይቀውም። በአንድ ዓመት የተመረቁ ሁለት ልጆች እኛ ጋ ተቀጠሩ። ደመወዛቸው እኩል ነው። የእሷ ይቆረጣል፣ የእሱ አይቆረጥም። ልጅቷ ቢሮዬ መጥታ «ጥፋቴ መናገሬ ነው?» አለችኝ። ምን ልበላት?

የራሴም አለ። የመጀመሪያው መሥሪያ ቤቴ ሦስት ዓመት ሙሉ ሲቆርጥብኝ ኖሮ፣ ለቅቄ ማስረጃ ስጠይቅ በስሜ የተመዘገበ ነገር የለም ተባልኩ። ብሩ በጅምላ ገብቷል፣ የስም ዝርዝሩ አብሮ አልሄደም። የ36 ወር የደመወዝ ሊስት ኮፒ በፌስታል ይዤ ከመስኮት መስኮት ስንከራተት ከረምኩ። በስንት መከራ የተገኘልኝ የ28ቱ ነው። የቀረውን ድጋሚ ከፈልኩ። ሒሳብ ሠራተኛ ሆኜ እንዲህ ከሆንኩ ሒሳብ ያልተማረችው ነርስስ?

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ ሆኗል፤ የራሱን መግቢያ ፈተና ይሰጣል፣ ከፍለው የሚማሩም ይቀበላል። ሌሎቹም ተራቸውን እየጠበቁ ነው። የመንግሥት ኪስ መሳሳቱ ይገባኛል። ለአንድ ተማሪ የቀን ምግብ ለዓመታት የተያዘው 15 ብር ነበር፣ ቁርስ ምሳ እራት ተደምሮ ማለት ነው። ወደ 22 ከፍ ሲልም ካፌ የበላ ሰው ያውቀዋል፣ ሽሮው የሳህኑን ቂጥ ያሳይ ነበር። 2017 ላይ 100 ሲደረግ ደግሞ ገበያው ቀድሞት ሄዷል። ከ40 በላይ ዩኒቨርሲቲ በእንዲህ ያለ በጀት ማንቀሳቀስ ቀላል ነው አልልም። ስለዚህ «ይክፈሉ» የሚሉት ሰዎች ዝም ብለው ከመሬት ተነስተው አይደለም።

ግን መቼ ይክፈሉ? ምዝገባው ብዙውን ጊዜ መስከረምና ጥቅምት ላይ ነው። ያኔ ገበሬ ቤት ጎተራው ተጠርጎ አዲሱ እህል ገና ማሳ ላይ ነው። የሚሸጥ ቢኖር በሬ ነው፤ በሬውን ሸጦ ደግሞ በምን ሊያርስ? የከተማውም ዕቁቡ ካልወጣለት ያው ነው። በ2015 የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ናቸው፣ በ2017 8.4 በመቶ። ልጁ በዚህ ወንፊት አልፎ ሲመጣ በር ላይ ሌላ ወንፊት ሊጠብቀው ነው። ለድሃ ድጋፍ ይደረጋል ይሉኛል። ድህነቱ በምን ይረጋገጣል? በቀበሌ ደብዳቤ? ደብዳቤው ቶሎ የሚወጣለት ማን እንደሆነ እናውቃለን። ተመርቆ ሲከፍል ግን ድህነቱን ለማንም ማስረዳት አይጠበቅበትም፤ ደመወዙ ራሱ ይናገራል።

«በኋላ እከፍላለሁ ያለ አይከፍልም» ለሚሉ፣ ሳትጠይቁት እንዴት ይክፈል? ባንክ ፋይዳ በሚጠይቅበት ዘመን ተማሪው ሲፈርም እዳው ለምን ከፋይዳውና ከቲን ነምበሩ ጋር አይያያዝም? እኔ የደመወዝ ግብር ሳሳውቅ ሲስተሙ «ይሄ ሰው እዳ አለበት» ይበለኝ። ባለ እዳውም ስንት እንደቀረው በስልኩ ይይ። የተሰበሰበውም ለተማረበት ግቢ ተመልሶ ቢያንስ ሽሮውን ያወፍር። እኔ ላይ ሥራ ይጨመራል፣ ግድ የለም።

ልጅቷ አሁንም ይቆረጥባታል፣ 11 ወር ቀርቷታል። ከእያንዳንዱ ወር ሊስት አንድ አንድ ኮፒ እየሰጠኋት ነው። ፌስታል ግን ራሷ ታምጣ ብያታለሁ።

አካውንታንቱ፣ ከአዳማ