ወደ ጨው ጉድጓድ ለምትወርደው ልጄ

የኔ እመቤት፣ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን።

ለቤት ውስጥ ሞዴል አውሮፕላን ውድድር ጁኒየር ቡድን መመረጥሽን ያልነገርኩት ዘመድ የለም። «አውሮፕላን ታበራለች» ስላቸው ፓይለት የሆንሽ መስሏቸው እልል ያሉም አሉ። ክብደቱ 1.4 ግራም፣ ሞተሩ የተጠመዘዘ ላስቲክ ነው ብዬ ማን ላይ ልድከም! እኔ ራሴ አንድ የዶላር ኖት 1 ግራም ያህል መሆኑን እስካውቅ ድረስ አልገባኝም ነበር።

ክንፉን ስታለብሺ ግን አይቻለሁ። ያቺ ስስ ፕላስቲክ የቀስተ ደመና ቀለም እያሳየች ባልሳው፣ ያ ቀላል እንጨት፣ ላይ ስትተኛ ትንፋሽሽን ትይዢ ነበር። በር የከፈተ ሰው አበቃለት! እናትሽም ረከቦቷን ይዛ መኝታ ቤት ተሰደደች።

አሁን ስላኒክ ስለሚባለው የሩማኒያ የጨው ማዕድን ሳነብ ሰነበትኩ። ለእናንተ የተፈጠረ ቦታ ነው። ንፋስ የለ፣ ኤሲ የለ፤ ክረምት ከበጋ 12 ዲግሪ አካባቢ ነው። ጣሪያው ደግሞ 54 ሜትር ይርቃል። ትምህርት ቤት ጂም ውስጥ የጣሪያው ብረት እንዳይዘው ላስቲኩን ጠምዝዘሽ ስታበቂ ብዙ ዙር ትመልሺ ነበር። እዚያ ያን ያህል ከመለስሽ ከፍታውን ሳትጠቀሚበት ይወርዳል።

ቢሆንም አትስገብገቢ። የተፈቀደልሽ ላስቲክ 0.4 ግራም ብቻ ነው፤ ብጥስ ካለ አለቀ። ከ6 በረራ የሚደመርልሽ ምርጥ 2ቱ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ አንድ ደህና ሰዓት ያዢ፣ ከዚያ በቀረው ድፈሪ። ግድግዳውን መጠጋት ከጀመረም አውሮፕላኑን የምትመልሺበትን ባለ ክር ፊኛሽን ቶሎ አንሺ። ፕሮፔለሩ በዓይን እስኪቆጠር ቀስ ብሎ ስለሚዞር ጊዜ ያለሽ ይመስልሻል። የለሽም። አንዴ ጨው ከነካ ክንፉ አይተርፍልሽም።

ጎበዞቹ ከ20 ደቂቃ በላይ ያቆዩታል አሉ። እስከዚያ አንጋጠሽ አንገትሽ መድረቁ ነው፤ ብርዱ ደግሞ አለ። ጋቢዬን ሻንጣሽ ውስጥ ከትቼዋለሁ፤ «ጓደኞቼ ምን ይሉኛል» እንዳትዪ።

ከጉድጓዱ እንደወጣሽ ደውዪ። ስትደውዪ ታዲያ ስለ በረራው ብቻ አውሪ። 208 ሜትር ከመሬት በታች እንደምትወርጂ ለእናትሽ ገና አልነገርኳትም።

አባትሽ