የሒሳብ ክበብ፦ ከአንድ ቁጥር ጋር የከረምንበት ዓመት

ክበባችን ዘንድሮ ዓመቱን ሙሉ የከረመው ከአንድ ቁጥር ጋር ነው። ጥቅምት ላይ፣ ሐሙስ ከትምህርት በኋላ፣ 4294967297ን ሰሌዳ ላይ ጻፍኩት። 32 ሁለቶች ተባዝተው 1 ሲደመር የሚመጣ ቁጥር ነው። በየሰከንዱ አንድ እያልን ያለ እንቅልፍ ብንቆጥር 136 ዓመት ይፈጅብናል።

ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ፈርማ ይህን ቁጥር ብቸኛ ነው፣ ማለትም ከ1 እና ከራሱ በቀር አካፋይ የለውም ብሎ ያምን ነበር። ምክንያትም ነበረው። የሚባዙት ሁለቶች ብዛት 1፣ 2፣ 4፣ 8 እና 16 ሲሆን የሚመጡት 3፣ 5፣ 17፣ 257 እና 65537 ሁሉም ብቸኛ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1732 ግን ስዊዘርላንዳዊው የሒሳብ ሊቅ ኦይለር አካፋይ አገኘለት። አካፋዩን ለልጆቹ አልነገርኳቸውም።

ስልክ በግቢያችን ክልክል ስለሆነ ሁሉም በእጅ ተሠራ። በ3፣ በ7፣ በ11 እያሉ ቀጠሉ። ኅዳር ሲያልቅ ደብተር ሞላ፣ ልጆቹ ግን ቀነሱ። ጥፋቱ የኔ ነው፤ መንገዱን ቶሎ ማሳየት ነበረብኝ።

ከእረፍት ስንመለስ ቀሪ መቁጠር ጀመርን። የ2ን ርቢዎች (2፣ 4፣ 8፣ 16፣ 32 እያልን) ለ17 ስናካፍል 2፣ 4፣ 8፣ 16፣ 15፣ 13፣ 9፣ 1 ይተርፋል፤ ከዚያ እንደገና 2። በየ8ቱ ይዞራል። ፈርማ ራሱ በተናገረው ሕግ መሠረት ዙሩ ከብቸኛው ቁጥር 1 ሲቀነስ የሚገኘውን ያለ ቀሪ ያካፍላል። 8ም 16ን ያካፍላል። የ2ን ርቢዎች የኛን ቁጥር ለሚያካፍል ብቸኛ ቁጥር ብናካፍል ደግሞ ዙሩ 64 ነው። ስለዚህ ማንኛውም ብቸኛ አካፋዩ የ64 ብዜት ሲደመር 1 መሆን አለበት። ይህ የገባቸው ዕለት የነበረውን ጫጫታ አልረሳውም። እስከ 641 ድረስ ካሉት 116 ብቸኛ ቁጥሮች የቀሩን አምስት ብቻ ነበሩ፦ 193፣ 257፣ 449፣ 577 እና 641።

ክፍላችን ተይዞ ስለነበር ትንሿን ሰሌዳ ተሸክመን ጣና ዳር፣ ዋርካው ሥር ወጣን። እንጨት የጫነ ታንኳ በፊታችን ያልፋል፤ ነፋሱ የጠመኔውን ብናኝ ፊታችን ላይ ይበትናል። 257 ላይ 2 ብቻ ተረፈ፤ ሁሉም "ውይ!" አለ። 577 ላይ 288። በመጨረሻ አንዲት የ9ኛ ክፍል ልጅ 641ን ያዘች። መጀመሪያ 4489 ደረሰች፤ 7 ጊዜ ሄዶ 2 ተረፈ። ወረድ ብላ መጨረሻው አኃዝ ላይ 4487 ደረሰች። እንደገና 7 ጊዜ። ምንም አልተረፈም። ጠመኔውን እንደያዘች ዞር ብላ "ቲቸር፣ አለቀ" አለችኝ። ድርሻው 6700417 ነበር።

እኔ እዚያ ላይ ልናቆም ነበር ያሰብኩት። ልጆቹ ግን 6700417ስ ብቸኛ ነው ወይ አሉ። ያው ሕግ ስለሚሠራና በራሱ ሲባዛ ከ6700417 የሚበልጥ ቁጥር መሞከር ስለማያስፈልግ መሞከር የነበረባቸው ሰባት ቁጥሮች ብቻ ነበሩ፤ 641 ራሱ፣ 769፣ 1153፣ 1217፣ 1409፣ 1601 እና 2113። ሰኔ ላይ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው፣ የመጨረሻውን አካፈሉ። 94 ተረፈ። ብቸኛ ነው።