ዳማዋን አትሽጧት

እታለም፣

ሰላምታዬን ለሁሉም አድርሽልኝ፤ እኔ ደህና ነኝ። የምጽፍልሽ ስለ በቅሎዋ ነው። ለአባዬ የአርባ ተዝካር ወጪ ዳማዋ ልትሸጥ ነው ሲባል ሰማሁ። አትሽጧት። ገንዘብ ትናንት ልኬያለሁ፤ ለእህሉም ለበሬውም ይበቃል፣ ለካህናቱ ካነሰ እጨምራለሁ። ከየት አመጣኸው እንዳትይኝ። ሥራ አለኝ፣ ቤቱም ይሞቃል።

መርዶውን እንዴት ሰማህ ብለሽ ነበር። ገና ሳይነጋ የአገር ልጆች ዳቦና ፔርሙዝ ይዘው በሬን አንኳኩ። ሦስቱን ባንድ ላይ ሳያቸው የነገሩኝ ያህል ገባኝ። ከዚያ ወዲህ ስልክ አለማንሳቴ ከቁጣ አይደለም። እርግጥ መታመሙን መደበቃችሁ አንጀቴን አሳርሮታል፤ ግን ብትነግሩኝስ? ወረቀቴ ሳያልቅ ከአሜሪካ ብወጣ መመለሻ የለኝም። «አባቱን ሳይቀብር» ለሚሉት ይህንን ንገሪልኝ። ወይም ተዪው፣ ምን ያደርግላቸዋል።

በዚህ ሰሞን ሌሊት ሌሊት ከአባዬ ጋር ነው የማድረው። ጠመንጃውን ትከሻው ላይ አጋድሞ በስሜን ተራሮች ፓርክ ከሳንቃበር ግጭ፣ ከግጭ ጨነቅ ሲመላለስ፤ ቱሪስቶቹ የቧሂትን አቀበት እያለከለኩ ሲወጡ እሱ ከላይ ተቀምጦ ቆሎውን ሲቆረጥም። ደሞዝ የወጣ ዕለት ደግሞ ከካምፕ በእግሩ ወርዶ ደባርቅ የሚገባው በውድቅት ነበር፣ ያንቺን ደብተርና የእምዬን ቡና ይዞ። «ስካውት የሰው ጠባቂ ነው» ይሉት ነበር፤ እሱ ግን የሚጠብቀው ዋልያውን እንደነበር እኔና አንቺ እናውቃለን። ጭላዳዎቹ ገደሉ ላይ አድረው ፀሐይ ሲሞቅ ሜዳው ላይ ሲወጡ መሐላቸው ያስቀመጠኝ ቀን ትዝ ይልሻል? «ዓይን ዓይናቸውን አትያቸው፤ አንተም ሣር የምትነጭ ምሰል» አለኝ። ነጨሁ። አንቺ ስቀሽ አስበረገግሻቸው።

በ2005 ብሔራዊ ቡድኑ ከ31 ዓመት በኋላ አፍሪካ ዋንጫ ገብቶ በቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0 ሲሸነፍ ምን እንዳለስ? «ዋልያ ገደል ላይ አይወድቅም፤ እነዚህ ሜዳ ላይ ወደቁ!» ስማቸውን ሊያስቀይራቸው ምንም አልቀረው።

እዚህ ዴንቨርም ተራራ አለ። ጓደኛዬ በመኪና ወስዶኝ ቀንዱ የተጠቀለለ ትልቅ የዱር እንስሳ አየሁና እዚያው ቆሜ ደወልኩለት። «ጢም አለው?» አለኝ። የለውም ስለው «እንግዲያው በግ ነው» ብሎ ወሬውን ዘጋው። እውነትም በግ ነው! በዋልያው አላስደፍር አለ።

ሚያዝያ 2011 ፓርኩ ሲቃጠል እኔ እሳቱን በስልክ ሳይ እሱ በዚያ ዕድሜው ቅጠል ቆርጦ ሊያጠፋ ከወጣቶቹ ጋር መውጣቱን የነገርሽኝ አንቺ ነሽ። ያን ጊዜ ተናድጄ ነበር። አሁን ደስ ይለኛል፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም። ከዚያ ሲመለስ መጀመሪያ የጠየቀው ማሙሽን ነበር አልሽኝ፤ ገና መሄድ ሳይችል ዳማዋ ላይ ከፊቱ አስቀምጦ የጅብራውን ተክል እየጠቆመ ያወራው የነበረውን የልጅ ልጁን። ታዲያ ያቺን በቅሎ ነው ለገበያ የምታወጧት? ባለቤትሽ ገለባ ተወደደ ማለቱን ሰምቻለሁ፣ አልፈርድበትም። የገለባውን በየወሩ እኔ እልካለሁ። ልጁ እንደ አያቱ ተራራ ይውጣባት።

የታናሻችን ነገር ደግሞ። ለዳግም ትንሣኤ የታሰበው ሰርግ ሐዘን ነው ተብሎ ለዓመት እንዳይገፋ። ሽማግሌ ተቀብሎ ልጁን ወድጄዋለሁ ያለው አባዬ ራሱ ነው። ጭፈራው ይቅር፣ ድንኳኑም ይነስ፤ ቃል ኪዳኑ ግን ይፈጸም። እምዬ እንቢ ካለች እኔን አገናኙኝ፣ እለምናታለሁ። ደም ግፊቷን አስለኪልኝ፣ መድኃኒቱን በጾም ሰበብ እንዳትተው። ዝም ስትል አትመኛት።

የማሙሽን እግር በክር ለክተሽ ርዝመቱን ጻፊልኝ። የሚመጣ ሰው አለ፣ የተራራ ጫማ እሰድለታለሁ፤ የሚያድግ ልጅ ነው፣ አንድ ጣት ጨምሪበት። ከዛሬ ጀምሮ ስልክ አነሳለሁ። በናንተ ምሽት ደውዪ፣ በእኔ ጠዋት ነው።

ወንድምሽ