ከሞአ እስከ ዘጌ፦ የታሪክና የጂኦግራፊ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

የዘንድሮው ጥያቄያችን የመጣው ከአንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነው። «መምህር፣ ሰው አዲስ አገር ሲሰፍር መሬቱን ይለውጠዋል ወይስ መሬቱ እሱን?» አለችኝ። ቁርጥ ያለ መልስ ስላልነበረኝ ዓመቱን ሙሉ አብረን ፈለግን።

በካርታ ሩቅ ሄድን፤ ኒው ዚላንድ። የማኦሪ ሕዝብ አባቶች ከምሥራቅ ፖሊኔዥያ ደሴቶች በታንኳ ተነሥተው እዚያ የሰፈሩት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ13ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ ነው። ስኳር ድንችና ውሻ ይዘው ነበር፤ አይጥም አብሯቸው ገባ። በአገሩ ሞአ የሚባል፣ መብረር የማይችል ወፍ ነበር። ትልቁ ዓይነት አንገቱን ሲያቀና 3 ሜትር ከ60 ሳንቲሜትር ይደርስ ነበር ስላቸው ልጆቹ አላመኑም። ገመድ ለክተው ከሰንደቅ ዓላማው ምሰሶ ጋር አሰሩና ከሥሩ ቆመው ሽቅብ አዩ። ያ ወፍ ሰው ከደረሰ በኋላ 200 ዓመት ገደማ ባልሞላ ጊዜ ታድኖ አለቀ፤ ብዙ ደንም በእሳት ጠፋ። ገመዱ ሳምንት ሙሉ ሳይወርድ ቆየ።

በመጋቢት በሞተር ጀልባ ወደ ዘጌ ተሻገርን። ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት የሚወስደው መንገድ ጥላ ነው፤ ከትልልቆቹ ዛፎች ሥር ቡና፣ አለፍ ሲልም ጌሾ። አንድ ተማሪ በማስታወሻው «በሬ የለም፣ ቀንበር የለም፣ የታረሰ መሬት የለም» ብሎ ጻፈ። ዓይኑ አልሳተም፤ በዘጌ ማረስና ከብት ማርባት ከጥንት ጀምሮ ክልክል ነው። አንድ አባት የአቡነ በትረ ማርያምን ታሪክ አጫወቱን፤ ጻድቁ የተከሏቸው በትሮች ቡና፣ ጌሾና ሎሚ ሆነው እንደበቀሉ ይነገራል። ሰው ለዘመናት ገብቶበት፣ ተክሎና ለቅሞ ኖሮበት ደን ሆኖ የቆየ ምድር ማየቴ ለእኔ የዓመቱ ትልቁ ነገር ነው።

ስንመለስ ግን ወደ ባሕር ዳር ማገዶ የጫኑ የደንገል ታንኳዎች አየን። ቡናው ብቻውን ቤተሰብ ማስተዳደር ካቃተው ደኑን ማን ይጠብቀዋል? ክርክሩ እስከ ትምህርት ቤቱ በር ዘለቀ።

የግድግዳ ጋዜጣችን ሁለቴ ወጣ፤ ለሦስተኛው ወረቀት አላገኘንም።

በሚቀጥለው ዓመት ፎገራ እንሄዳለን። በከብቱ ስሙ የተጠራው ሜዳ ዛሬ ሩዝ ይታጨድበታል፤ ለውጡን በዓይናቸው ያዩ አዛውንቶችም አሉ። ተማሪዎቹ የሚጠይቋቸውን ከወዲሁ እየጻፉ ነው።