ኩላሊት ሳይደክም፦ ለጤና ጣቢያችን የግፊትና የስኳር ክትትል ክፍል የድጋፍ ጥሪ

ኩላሊቱ ሥራ ያቆመ ሰው ንቅለ ተከላ ካላገኘ በቀር አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት 3 ቀን፣ በየጊዜው 4 ሰዓት ገደማ እጥበት ያስፈልገዋል፤ ያውም ዕድሜ ልኩን። ለዚህ ከሚዳርጉት በሽታዎች ግንባር ቀደሞቹ ስኳርና የደም ግፊት ናቸው። ሁለቱም ሕመም ሳያሰሙ ለዓመታት ውስጥ ውስጡን ይጎዳሉ፤ ሁለቱንም ግን ስፔሻሊስት ሳይጠበቅ በቅርብ ጤና ጣቢያ ማወቅ ይቻላል። የቤተሰብን ጥሪት የሚያሟጥጠውን ወጪ ከሥሩ ለማስቀረት ነው ይህን ክፍል የምናቋቁመው።

ቀዳሚው ግዢ ትክክለኛነቱ የተረጋገጠ ዲጂታል የግፊት መለኪያ ነው፤ ትንሽ፣ መካከለኛና ትልቅ የክንድ መጠቅለያ ያለው። መጠቅለያው ለክንዱ ካነሰ ቁጥሩ ከእውነተኛው ከፍ ብሎ ይነበብና ጤነኛ ሰው ያለበቂ ምክንያት መድኃኒት ሊጀምር ይችላል። ወንበርና ጠረጴዛም ከበጀቱ ውስጥ አሉ። ተለኪው 5 ደቂቃ አርፎ፣ ጀርባውን አስደግፎ፣ እግሩን ሳያነባብር፣ ክንዱን በልቡ ትክክል አሳርፎ፣ ሳያወራ ሁለት ጊዜ ይለካል። ውጤቱ 140/90 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ሌላ ቀን ተደግሞ ይረጋገጣል። ወረፋ ላይ ቆሞ የተለካ ግፊት አያስተማምንም።

በስኳር በኩል ቶሎ ቶሎ የሚያልቀው ስትሪፑ (መለኪያው ላይ ተሰክቶ የደም ጠብታ የሚነካው ቀጭን ቁራጭ) ነው። የአንዱ መሣሪያ ስትሪፕ ለሌላው አይሆንም፤ ብልቃጡ ተከፍቶ ከቆየም እርጥበት ያበላሸዋል። በስጦታ የመጡ መለኪያዎች መሳቢያ ውስጥ የሚቀሩት በአብዛኛው በዚህ ነው። ለእግር ምርመራ ደግሞ ባለ 10 ግራም የናይለን ክር እንገዛለን። ታካሚው ዓይኑን ጨፍኖ ክሩ እስኪጎብጥ ድረስ ውስጥ እግሩ ላይ ይጫናል፤ ካልተሰማው ነርቩ ተጎድቷል ማለት ነው። እንዲህ ያለ እግር ቢቆስልም ባለቤቱ አያውቅም፤ ቁስሉ አመርቅዞ እስከ መቆረጥ ሊደርስ ይችላል። እግሩን በየቀኑ እንዲያይና በባዶ እግሩ እንዳይሄድ መምከር ምንም ያህል አያስወጣም።

አንድ ነገር ከወዲሁ እንዲታወቅልን እንፈልጋለን። በመጀመሪያዎቹ ወራት ወጪው አይቀንስም፤ ሳያውቁ የኖሩ ታካሚዎች ስለሚገኙ የመድኃኒቱ ፍጆታ እንዲያውም ይጨምራል። ትርፉ የሚታየው ዘግይቶ፣ ስትሮክና የኩላሊት ድካም ሲቀንስ ነው። ያም የሚሆነው መድኃኒቱ ሳይቋረጥ ሲወሰድ ብቻ ነው። ስለዚህ ግፊታቸው ለተስተካከለ ታካሚዎች የ3 ወር መድኃኒት በአንድ ጊዜ ለመስጠት፣ ቀጠሮ ላለፋቸውም በዚያው ሳምንት ለመደወል በጀት ይዘናል። ለእኛ ከሁሉም የሚበልጠው ይህ የስልክ ጥሪ ነው፤ ሰው ከክትትል የሚጠፋው ሕመም ሳይሰማው ሲቀር ነውና።

ውድ ወገኖቻችን፣ አንድ ጊዜ ከሚሰጥ ብዙ ገንዘብ ይልቅ በየወሩ የሚገባ ትንሽ መዋጮ ይበልጥ ይረዳናል፤ ስትሪፑም መድኃኒቱም በየወሩ ያልቃልና። ዕቃ ለመለገስ ያሰባችሁ ከመግዛታችሁ በፊት ዓይነቱን ጠይቁን። ከቤት የተረፈ መድኃኒት ግን አንቀበልም፤ አቀማመጡን ማረጋገጥ አይቻልም። ለእያንዳንዱ መዋጮ ደረሰኝ እንሰጣለን፤ በየ3 ወሩም ስንት ሰው እንደተለካ፣ የስንቱ ግፊት እንደተስተካከለና ስንቱ ክትትል እንዳቋረጠ ለለጋሾች እናሳውቃለን።