ማሽኑ የጣለውን ሲቪ ማን ይክፈተው?

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ሰው ሠራሽ አስተውሎት (ኤአይ) የቅጥርን ሥራ እንዴት እንደሚያቀል ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ጥሩ ነው፤ ግን ጸሐፊው አንድም ቀን የሲቪ ክምር ፊት የተቀመጠ አይመስልም። እኔ ተቀምጫለሁ፣ አሥራ ስድስት ዓመት። መጀመሪያ መዝገብ ቤት፣ ከዚያ ቅጥር ክፍል፣ አሁን የሰው ሀብት ቡድን መሪ ነኝ። ስለዚህ ትንሽ ላውራ።

የቴክኖሎጂ ጠላት እንዳልሆንኩ ግን ይታወቅልኝ። የሥራ ልምድ ደብዳቤ በሉት፣ ቃለ ጉባኤ በሉት፣ የሥራ መደብ መግለጫ በሉት፣ ረቂቁን ቻትጂፒቲ የሚባለው የኤአይ ፕሮግራም ይጽፍልኛል፣ እኔ አስተካክዬ እፈርማለሁ። ድሮ ግማሽ ቀን የሚፈጅብኝ አሁን ቡናዬ ሳይቀዘቅዝ ያልቃል። ጸቤ "እሱ ይምረጥልን" ከሚለው ጋር ነው።

አምና እኛ ጋ የሆነውን ልንገራችሁ፣ የመሥሪያ ቤቱን ስም ተዉልኝ። ለአንድ የሂሳብ ሠራተኛ መደብ ማስታወቂያ አወጣን። ለአንድ ሰው። ከአራት መቶ በላይ አመለከቱ። አራት ኪሎ ጋዜጣ ተከራይቶ ማስታወቂያ የሚገለብጠውን ወጣት ያየ፣ ዛሬ ደግሞ ቴሌግራም ላይ የተሰለፈውን የሚያውቅ በዚህ አይገረምም። አለቃችን "ምን አደከማችሁ፣ ኤአይ ያጣራው" አሉ። ጫንነው። በአንድ ከሰዓት ሃያ ስም አወጣልን። ሁሉም ደስ አለው፤ እውነቱን ለመናገር እኔንም ደስ ብሎኝ ነበር።

በማግስቱ ግን የወደቁትን ልያቸው አልኩና ፎልደሩን ከፈትኩ። ገና ከመጀመሪያዎቹ መሀል የአንዲት ልጅ ሲቪ አለ፤ በሂሳብ ሥራ ዓመታት የቆየች፣ ማስረጃዋ የተሟላ። ለምን ወደቀች? ማሽኑ "የቀኖቹ ቅደም ተከተል ይጋጫል" ይላል። ነገሩ ምን መሰላችሁ? ዲግሪዋ ላይ ያለው ዓመት በፈረንጅ አቆጣጠር 2014 ነው። የሥራ ልምዷን ግን የቀድሞ መሥሪያ ቤቷ በሰጣት ደብዳቤ ላይ እንዳለው "ከጥቅምት 2007 ጀምሮ" ብላ ጽፋለች። ለእኔና ለእናንተ ግልጽ ነው፤ ሐምሌ ተመረቀች፣ ጥቅምት ላይ ሥራ ያዘች። ለማሽኑ ግን ሳትመረቅ ሰባት ዓመት ሂሳብ ስትሠራ የኖረች አጭበርባሪ ናት!

ሌላው አመልካች ስሙ በ"ፀ" ይጀምራል። ዲግሪው ላይ በእንግሊዝኛ በ"ቲ ኤስ" ተጽፏል፣ የሥልጠና ሰርተፊኬቱ ላይ በ"ኤስ" ብቻ። ሁለት ሰው ሆነ። የአባት ስምን የቤተሰብ ስም እያደረገ የፈጠረውን ትርምስማ ተዉት። እንዲህ እንዲህ እያልኩ ሰባት ሰው መለስኩ። ያቺ ልጅ በጽሑፍ ፈተናው ሁለተኛ ወጣች፣ ተጠባባቂ ተያዘች፣ አንደኛው በሦስተኛ ወሩ ሲለቅ ገባች።

(በነገራችን ላይ አመልካቾቹም አይታሙም። ከማመልከቻ ደብዳቤዎቹ ብዙዎቹ በአንድ እጅ የተጻፉ ይመስላሉ፤ ሁሉም "ውጤት ተኮር" ነው፣ ሁሉም "በቡድን መሥራት" ይወዳል። ማሽን ጽፎ ማሽን ካነበበው እኛ ምን እንሠራለን?)

ይሄ የእኛ አገር ጣጣ ብቻ አይደለም። የአሜሪካው የኢንተርኔት ንግድ ድርጅት አማዞን በፈረንጅ አቆጣጠር በ2014 ሲቪ የሚመርጥ ፕሮግራም መሥራት ጀምሮ ነበር። አሥር ዓመት የመጡለትን ሲቪዎች አስተማረው። አብዛኞቹ የወንዶች ስለነበሩ ፕሮግራሙ ወንድ ይሻላል ብሎ አረፈው፤ "የሴቶች" የሚል ቃል ያለበትን፣ ለምሳሌ የሴቶች ቼዝ ክለብን የጠቀሰ ሲቪ፣ ነጥብ ይቀንስበት ጀመር። ሊያርሙት ሞከሩ፣ አላመኑትም፣ ተዉት። ወሬውን የዜና ወኪሉ ሮይተርስ በፈረንጅ አቆጣጠር በ2018 አወጣው።

አሁን ደግሞ የእኛን ፋይል አስቡት። የትውልድ ቦታ፣ የጋብቻ ሁኔታ፣ አንዳንዴም ሃይማኖት ሲቪ ላይ የሚጻፍበት አገር ነው። ስም ብቻውን ስንቱን ይናገራል። "የእገሌ ልጅ ነው፣ እስቲ እየው" የሚል ስልክ ተደውሎለት የማያውቅ የሰው ሀብት ሠራተኛ ካለ እጁን ያውጣ። እኔ አላወጣም። ማሽኑን በዚያ ፋይል ካስተማርነው የሚማረው ዝምድናን ነው። የድሮው ዝምድና ቢያንስ ትንሽ ያፍራል፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚያወራው። ይሄኛው "62 ነጥብ" ብሎ በጠረጴዛ ተሰድሮ ይመጣል፣ ማን ይከራከረዋል? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በብሔር፣ በፆታ፣ በሃይማኖት ልዩነት ማድረግን ይከለክላል። ነገ አንዱ ቢከስ "እኔ አይደለሁም፣ ማሽኑ ነው" ልንል ነው?

አንድ የራሴንም ጥፋት ልናገር። የአራት መቶ ሰው ስልክ፣ አድራሻ፣ የልደት ቀን ነፃ የውጭ ፕሮግራም ላይ ስንጭን ማንንም አላስፈቀድንም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቶ እያለ። ከጫኑት አንዷ እኔ ነኝ። በጊዜው ትዝም አላለኝም።

ስለዚህ ማሽኑን የሚጠቀም መሥሪያ ቤት ሁሉ አንድ ነገር ያድርግ። ከወደቁት ሲቪዎች ላይ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ቢያንስ ሃምሳውን ይክፈት፣ ያየሁት እኔ ነኝ ብሎም ይፈርም። አመልካቹ ለምን ወደቅሁ ብሎ ሲመጣ የሚያናግረው ሰው ይኑር። ይሄ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፣ ሁለት ቀን ነው።

ባለፈው ወር አንድ ልጅ የቅጥርና የዓመት ፈቃድ ፕሮግራም ሊሸጥልን መጥቶ ነበር። ሱፉን ግጥም አድርጎ፣ ላፕቶፑን ከፍቶ አንድ ሰዓት ሙሉ አስረዳን። ሲጨርስ "ጳጉሜን ያውቃል?" አልኩት። ሳቀ። እኔ እንዳልሳቅኩ ሲያይ "ጠይቄ እመለሳለሁ" አለ። እስካሁን አልተመለሰም።

የዘወትር አንባቢያችሁ፣
የሰው ሀብት ባለሙያ፣ ከአዲስ አበባ