አዲስ ወይስ ያገለገለ ትራክተር? መጀመሪያ መለዋወጫው ድሬ መኖሩን ጠይቁ

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከሐረር ነው። እርሻችን ግን ኤረር ነው፤ ማሽላ፣ ለውዝና ትንሽ ሽንኩርት እናመርታለን። ሦስት ወንድማማቾች ነን። አንድ ላይ የምናርሰው መሬት አራት ሄክታር አይሞላም።

ብዕር ያስነሳኝ ባለፈው ሳምንት የአክስቴ ልጅ ከባቢሌ የደወለልኝ ስልክ ነው። እቁብ ደርሶታል። ከሚስቱ ወንድም ጋር አዋጥተው ትንሽ ትራክተር ሊገዙ አስበዋል። «አዲስ ልግዛ ወይስ ያገለገለ?» አለኝ። አንድ ሰዓት ያህል አወራን። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ይሄንኑ ጥያቄ ዘንድሮ ስንት ሰው እንደጠየቀኝ ሳስብ አምስት ሆነ። አምስቱም ወሬያቸውን የሚጀምሩት ከዋጋ ነው። እኔም የዛሬ ሦስት ዓመት የጀመርኩት ከዋጋ ነበር፣ ብዙ ያስከፈለኝም እሱ ነው። ስለዚህ ያየሁትን ለሌላውም ልጻፍ አልኩ።

የገዛሁት ያገለገለ የጃፓን ትራክተር ነው። ባለ ሦስት ሲሊንደር፣ 24 የፈረስ ጉልበት። ድሬዳዋ አንድ ግቢ ውስጥ ቆሞ አገኘሁት። ቀለሙ ያብረቀርቃል፣ ጎማው አዲስ ነው። ትራክተር ዕድሜው የሚቆጠረው በኪሎ ሜትር ሳይሆን በሠራበት ሰዓት ነው፤ ሰዓት ቆጣሪው 870 ይላል። ሻጩ «የሩዝ ማሳ ላይ ብቻ ነው የሠራው፣ ገና ምኑም አልተነካ» አለኝ። የሄድኩት ከሰዓት በኋላ ነበር። ቁልፉን ሳዞረው ወዲያው ተነሳ። ሞተሩ እኔ ከመድረሴ በፊት ተነስቶ ሞቆ እንደነበር የገባኝ በጣም ቆይቶ ነው። ከፈልኩ፣ አይሱዙ ላይ አስጭኜ ደንገጎን ወጣን፣ ሐረርን አልፈን ኤረር አደረስነው።

የመጀመሪያው ዓመት ጥሩ ነበር። በሁለተኛው ዓመት ሚያዝያ ላይ፣ ዝናቡ ጥሎ አፈሩ ልስልስ ባለ በሦስተኛው ቀን፣ ማረሻውን የሚያነሳው ሃይድሮሊክ ከዳን። ክንዶቹ ቀስ ብለው ወደ ላይ ይሄዳሉ፣ ግማሽ ሳይደርሱ ተመልሰው ይወርዳሉ። ማረሻው አፈር ውስጥ እንደተተከለ ቀረ። መካኒክ ከሐረር አመጣሁ። ፈትቶ ሲያየው የተበላው የፒስተኑ ኦሪንግ ነው፤ መዳፍ ላይ የምትቀመጥ ቀለበት ጎማ። ሐረር የለችም። ድሬ ወርጄ የማውቀውን የመለዋወጫ ሱቅ ሁሉ ዞርኩ፣ የለችም። አዲስ አበባ ያለ ዘመድ አስጠየቅሁ። ሞዴሉ ለጃፓን የውስጥ ገበያ ብቻ የተሠራ ስለሆነ ቁጥሩ ወደ ውጭ ከሚላኩት ጋር አይገጥምም አሉት። ዛሬ ነገ ሲሉን 19 ቀን ሄደ። በመጨረሻ መካኒኩ ራሱ ከሌላ ማሽን ተቀራራቢ ጎማ ፈልጎ፣ ሞርዶ አስገባልን። እስካሁን ይሠራል፣ እግዜር ይስጠው።

ግን 19 ቀን ለገበሬ ምን ማለት እንደሆነ የሚያርስ ሰው ያውቀዋል። ጎረቤቶቻችን በበሬም በእጅ መቆፈሪያው በዶንጎራም ብለው ዘርተው ጨረሱ። የእኛ ማሽላ ዘገየ። ዝናቡ ሲቆም ገና እሸት ነበር፣ ፍሬው ሳይሞላ ደረቀ። ያን ዓመት እናቴ ማሽላ ከገበያ ሸመተች። የራሷ መሬት እያላት ጆንያ ይዛ ገበያ ስትወርድ ማየት ከትራክተሩ ዋጋ በላይ አሞኛል።

ስለዚህ ለአክስቴ ልጅ እንዲህ አልኩት፦ አዲስ ይሁን ያገለገለ ገና አትወስን። መጀመሪያ የሞዴሉን ቁጥር በወረቀት ጻፍ። ከዚያ ድሬ ሂድና ሦስት ዕቃ ጠይቅ፤ የነዳጅ ፊልትሮ፣ የፍሪሲዮን ዲስክ፣ የሃይድሮሊክ ኦሪንግ። ከመደርደሪያ አውርደው ካሳዩህ ስለ ዋጋ ማውራት ትችላለህ። «እናስመጣልሃለን» ካሉህ ግን ትራክተሩ አዲስም ቢሆን ተወው። የሚመጣ መለዋወጫ ላም አለኝ በሰማይ ነው፣ ዝናብ ደግሞ አይጠብቅም።

ማሲ ፈርጉሰንና ቤላሩስ የሚባሉት ትራክተሮች በአገራችን ይሄን ያህል ዘመን የቆዩት ለምን ይመስላችኋል? ቤላሩሱ ናዝሬት ሲገጣጠም የኖረ ነው። አንዱ መካኒክ ባያውቀው ሌላው ያውቀዋል፣ ዕቃውም አይጠፋም። ለእኛ ቁርጥራጭ ማሳ ትልቅ መሆኑ ነው እንጂ፤ እርከን ባለበት፣ ማሽላና ጫት ተሰባጥሮ በቆመበት መሬት እሱን ማዞር አይቻልም። ትንሹን ትራክተር የምንፈልገው ለዚህ ነው።

ስለ አዲሱ ደግሞ የማምንበትን ልናገር። አዲስ ሲገዛ ታሪኩን ታውቀዋለህ። ዘይቱን የቀየርከው አንተ ነህ፣ ያበላሸውም ካለ አንተ ነህ። ዋስትና አለው። ብድርም ሆነ የሊዝ ፋይናንስ (ማሽኑን በኪራይ መልክ ቀስ በቀስ ከፍሎ መግዣ) የሚፈልግ ሰው ባንክ ፊት የሚቀለው አዲስ ይዞ ሲቀርብ ነው። ለዓመት 300 እና 400 ሰዓት የሚያሠራ ሰው፣ ማለትም የራሱን አርሶ ለጎረቤት የሚያከራይ፣ ተሳቢ ቀጥሎ ውሃና ፍግ የሚያመላልስ፣ አቅሙ ካለው አዲስ ይግዛ እላለሁ። ዋስትናው ግን ወረቀት ሆኖ እንዳይቀር ማን እንደሚጠግንለት አስቀድሞ ይጠይቅ። ባለሙያው ከአዲስ አበባ ነው የሚመጣው ከተባለ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ እሱ እስኪደርስ የሚዘራበት ጊዜ ያልፋል። የመጀመሪያው ሰርቪስ ብዙውን ጊዜ 50 ሰዓት ላይ ነው። 50 ሰዓት በእርሻ ወቅት ሳይታወቅ ያልፋል። ያን ሰርቪስ ያላደረገ ሰው ዋስትናውን ሊያጣ ይችላል።

እኛ ስንት ሰዓት ሠራን? ደብተሬ ላይ እጽፋለሁ፤ ባለፈው ዓመት 70 ሰዓት አልሞላም። ለ70 ሰዓት ሥራ አዲስ መግዛት ገንዘብ ግቢ ውስጥ ማቆም ነው። ብሩ ደግሞ እንደምታውቁት ነው። በ2011 የግብርና ማሽን ከቀረጥ ነፃ እንዲገባ ሲፈቀድ ብዙዎቻችን ተስፋ አድርገን ነበር። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ወዲህ ግን 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ከ100 አልፏል፣ የአዲስ ትራክተር ዋጋም አብሮ ሄዷል።

እና ያገለገለ የሚገዛ ሰው እንዴት ይየው? እኔ ከስህተቴ ከተማርኩት ይልቅ መካኒኩ አንድ ቀን ያሳየኝ ይበልጣል። ባለፈው ጥር ለጎረቤቴ አንድ ያገለገለ ኩቦታ የሚባል የጃፓን ትራክተር ልናይ አብረን ድሬ ወረድን። ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ግቢው ደርሰናል። መካኒኩ ሰላምታ እንኳ ሳይጨርስ በቀጥታ ሄዶ መዳፉን ሞተሩ ላይ አሳረፈ። ቀዝቃዛ ነው፤ የሞቀ ሞተር የመነሳት ችግሩን ይደብቃል። «ጥሩ፣ አሁን አስነሳው» አለ። ሲነሳ ትንሽ ነጭ ጭስ ተፋ፣ ወዲያው ጠፋ። እሱ ችግር የለውም አለን። ሞቆም የማይጠፋ ሰማያዊ ጭስ ከሆነ ግን ዘይት እየበላ ነው። ሞተሩ እየሠራ የዘይት መሙያውን ክዳን ፈትቶ አፉ ላይ ያዘው። እንፋሎት እየገፋ የሚወጣ ከሆነ የፒስተኑ ፋሻ አልቋል ማለት ነው። የሃይድሮሊኩን ዘይት በመለኪያው አውጥቶ በነጭ ጨርቅ ጠረገው። እንደ ወተት የነጣ ዘይት ውሃ ገብቶበታል። ከዚያ ማረሻውን አሳጥሎ አስነሳና ሞተሩን አጠፋው። «አሁን ሻይ እንጠጣ» አለ። ሻይ ጠጥተን ስንመለስ ማረሻው ከነበረበት ብዙም አልወረደም። የእኔው በዚያ ዓይነት ፈተና መሬት ይነካ ነበር።

ስለ ሰዓት ቆጣሪው ስጠይቀው የፍሪሲዮኑን ፔዳል አሳየኝ። የፔዳሉ ጎማ ላይ ያለው መስመር ገና አለ። ሰዓት ቆጣሪ ይቀየራል፣ ፔዳል የሚቀይር ግን ብዙ የለም አለኝ። ቤት ስገባ የራሴን አየሁት። 870 ሰዓት ተብሎ የተሸጠልኝ ትራክተር ፔዳሉ ተልጦ ብረቱ ይታያል። በነገራችን ላይ ሰዓቱ ብዙ መሆኑ በራሱ አያስፈራም። በደንብ የተያዘ ናፍጣ ሞተር ብዙ ሺህ ሰዓት ይሠራል። የሚያስፈራው የተደበቀው ሰዓት ነው።

የጃፓን የውስጥ ገበያ ሞዴሎች ላይ ሌላም ነገር አለ። ጽሑፉ ሁሉ በጃፓንኛ ነው። ከኋላ ያለው፣ የሞተሩን ጉልበት ለተቀጥላ ዕቃ የሚያስተላልፈው የፒቲኦ ዘንግ ሦስትና አራት ፍጥነት ይኖረዋል፣ እኛ የምንገዛው ተቀጥላ ግን አብዛኛው በደቂቃ 540 ዙር የሚፈልግ ነው። የትኛው ማርሽ የቱን እንደሚሰጥ ሳያውቁ ከፍተኛውን ያስገባ ሰው ዕቃውን ይሰብራል። የሚያነብላችሁ ፈልጉና በማርከር በአማርኛ ጻፉበት።

ጉልበቱን ስትመርጡ ከፍታችንን አትርሱ። ሐረር ከባሕር ጠለል በላይ 1,880 ሜትር ገደማ ነው፣ ሐረማያ ከዚያም ይበልጣል። ተርቦ (አየር ወደ ሞተሩ የሚገፋ መሣሪያ) የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ ወደ 3 በመቶ ጉልበት ያጣል። ወረቀቱ ላይ 25 ፈረስ የሚለው እዚህ ላይ 20 እና 21 ቢሆን ነው። ድሬ ግቢ ውስጥ ሞክሮ «ጉልበት አለው» ያለ ሰው ደንገጎን ሲወጣ ሌላ ትራክተር ያገኛል።

አንድ ነገር ደግሞ እለምናለሁ። ያረጁት ትንንሽ ትራክተሮች ብዙዎቹ ከመቀመጫው በስተኋላ የሚቆመው የመገልበጫ መከላከያ ብረት የላቸውም። አንዳንዱም በዛፍ ሥር ለማለፍ ያስቸግራል ተብሎ ተቆርጧል። እነዚህ ትራክተሮች ጠባብና ቀላል ናቸው፣ በእኛ ተዳፋት ላይ ይገለበጣሉ። ሲገለበጡ ደግሞ ለመዝለል ጊዜ አይሰጡም። ብረቱ ከሌለው ለሰፈር በያጅ ሰጥታችሁ አታሠሩ፤ በልኩ የተሠራውን ፈልጉ፣ ቀበቶም ይኑረው። ልጆች ጭቃ መከላከያው ላይ ተቀምጠው አብረው ሲሄዱ አያለሁ፣ እባካችሁ አውርዷቸው።

ለአስመጪዎችም አንድ ቃል አለኝ። ዕቃው ከጅቡቲ በባቡር ሲመጣ በድሬ በኩል ያልፋል። ባቡሩ እዚያ ነው፣ ደረቅ ወደቡ እዚያ ነው፣ ነፃ የንግድ ቀጠናው በ2014 የተከፈተው እዚያው ነው። ታዲያ የአንድ ኦሪንግ ሳጥን በራችንን አልፎ አዲስ አበባ ይሄድና እኛ መልሰን በአውቶብስ ጭነት የምናስመጣው ለምንድን ነው? ለምትሸጡት ሞዴል ቶሎ የሚያልቁትን ሃያ ዓይነት ዕቃዎች ድሬ ላይ አስቀምጡ። የእናንተን ትራክተር ከሌላው የሚያስመርጠን ይሄ ነው፣ ዋጋው ትንሽ ቢጨምርም እንገዛለን። ያገለገለ የምትሸጡ ወንድሞቼም ሰዓቱን የማታውቁት ከሆነ «አላውቅም» በሉን፣ ውሉ ላይም እንደዚያው ጻፉ። የሞተርና የሻንሲ ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር ለማስተያየት ጊዜ ስጡን።

የአክስቴ ልጅ ትናንት መልሶ ደወለ። ሱቆቹን ዞሯል። ሦስቱም ዕቃ የተገኘለት አንድ ያገለገለ ኩቦታ አግኝቷል፤ የተረፈው ገንዘብ ለዲስክ ማረሻና ለተሳቢ ይበቃዋል። ቅዳሜ ከመካኒኩ ጋር ሦስታችን በሌሊት እንወርዳለን። ሻጩን አንድ ነገር ብቻ ለምነነዋል፦ እኛ ሳንደርስ ሞተሩን እንዳያስነሳው።

አንባቢያችሁ
ከሐረር